ለአንድ ሰው የተበጀ ሞላ

ልጄ ከሞተር በወደቀች ጊዜ መጀመሪያ ያናደዱኝ ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች ናቸው። መውደቋስ ይሁን። የሚሄድ ሰው ይወድቃል፤ ከበቅሎም ይወደቃል፣ በእግር ሲሄዱም ይወደቃል። እነሱ ግን መደቡ ላይ ተደርድረው፣ የተቀዳላቸውን ጠላ እየጠጡ፣ «እግዜር ይማርሽ» ካሉ በኋላ አንገታቸውን ወደኔ ይመልሱና «ድሮስ ለሴት ልጅ ሞተር ምኗ ነበር?» ይሉኛል። በቤቴ ውስጥ። ጠላየን እየጠጡ።

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ስላልበረደልኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ልጄ የከብት ሐኪም ናት። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው አገር፣ ገደል ለገደል እየዞረች ከብቱንም በጉንም ትከትባለች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ሞተር እንደ ከተማው ሞተር አይደለም። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ጎማው ጥርስ አለው፣ ለድንጋይና ለጭቃ ተብሎ የተሠራ ነው። እሷ ስትቀመጥበት የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። እንደ እናቷ ቀጭን ናት። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ ታስራለች፣ ሄልሜቷን ታጠልቃለች፣ ከዚያ ጭቃውን ወደ ኋላ እየበተነች ትሄዳለች። ከደጄ ቆሜ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር። ለሰው ግን አልናገርም፤ በኛ አገር ልጅን በአደባባይ ማመስገን ቡዳ መጥራት ነው።

የወደቀችው ከመንደራችን በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ቦታው ልቅ ድንጋይ ነው። ፍሬን ስትይዝ የፊት ጎማው ዘለለና ጎኑን ሰጠ። የግራ እጇ አንጓው ላይ ተጠመዘዘ፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ የክትባቱ ብልቃጥ ሁሉ ድንጋይ ላይ ተሰባበረ። ከዚያ በፊትም እዚያው ወድቃ ስለነበር የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ደወለላት። መጥቶ እንኳ አላያትም። «ደግመሽ ከወደቅሽ ሞተሩን ለወንድ ባለሙያ እንሰጠዋለን። አንች ቢሮ ትቀመጫለሽ» አላት።

ቢሮ! ልጄ የተናደደ ወይፈን ቀንድ ይዛ ስትከትብ ያየ ሰው ቢሮ ትቀመጥ አይልም። ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርድ ፊቷ ልክ መርዶ የተነገራት ሰው ፊት ይመስል ነበር። እጇ ሲያማት አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ግን ጓሮ ሄዳ ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የባሰው ጎረቤቴ ነው። ማሳችን ድንበር ለድንበር ነው፣ ማኅበርም አብረን እንጠጣለን። ምላሱ ግን እንግዶ እንደሚባለው እህል ገለባ ነው፤ ጉሮሮ ይወጋል።

«አያ፣ ይችን ልጅ ከዚያ ብረት ላይ አውርዳት» አለኝ። «የሴት እጅ ለወስከምቢያ እንጅ ለሞተር አልተፈጠረም።»

«ባለፈው ከገበያ ስትመለስ በምን ነበር የመጣኸው?»

«በሞተር።»

«በማን ሞተር?»

«ተፈናጥጨ ነው እንጅ እኔ መች ነዳሁ።»

«ማን ነበር የነዳህ?»

ዋንጫውን አነሳና ጠጣ። «እሷማ እሷው ናት» አለ። «ያን ጊዜማ ጎበዝ ነበረች።»

የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጠላ እንዳይደገምለት ለሚስቴ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት፤ እሷ ግን ሰው ወዳድ ናት፣ ደገመችለት።

ሰዎቹ ሲሄዱ ልጄ፣ «አባየ፣ መንዳት አቅቶኝ አይደለም» አለችኝ። «ሞላው ነው።»

«የምን ሞላ?»

«የፊቱ ሾክ ሞላ። ደንድኗል፤ አይሰጥም።»

ነገሩን በማግስቱ ሞተሩ አጠገብ አቁማ አሳየችኝ። ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቁ እግሮች አሉ። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ሞላ የሚሉት፣ ተቀምጧል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይሰምጣል፤ ድንጋዩ ሲያልፍ ይመለሳል። ጎማውን ከመሬት ጋር አስማምቶ የሚያኖረው እሱ ነው። «እስኪ ተጫነው» አለችኝ። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። የወይራ ጉቶ የተጫንኩ መሰለኝ።

«እንዲህ ሆኖ ነው የመጣ?»

«አይደለም። ሲመጣ ልስልስ ነበር። ማርቆስ ያለው መካኒክ ነው የቀየረው።»

«ለምን?»

«ሰው ስጭን የፊቱ ይደፋ ስለነበረ።»

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ሞተር ይዞ እግረኛን ጥሎ ማለፍ ነውር ነው። ምጥ የያዛትን፣ አሮጊቷን፣ ታማሚውን መጫን ጽድቅ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን የሚያስቆሟት እነሱ ብቻ ናቸው? ጎረምሳው ይቆማል። ዶሮ ያንጠለጠለው ይቆማል። ጆንያ የያዘው መሀል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ እንደ መስቀል ይገተራል። እሱ ከኋላዋ፣ ጓደኛው ከእሱ ኋላ፣ ጆንያው ከፊቷ በቤንዚን ጋኑ ላይ። የበረዶውን ሳጥን ደግሞ አንዱ ጭኑ ላይ አቅፎት ይሄዳል። እሷ እንቢ ማለት አልለመደባትም። በዚህ ሁሉ ሸክም የፊቱ ሲደፋባት ማርቆስ ጋራዥ ወሰደችው። መካኒኩም ወደ ገጠር ለሚሄድ ሞተር ሁሉ እንደሚያደርገው የራሷን ሞላ አውጥቶ፣ ከባለ ሦስት እግሩ የጭነት ሞተር የተገኘ ወፍራም ሞላ ከተተበት። በላዩም ቁራጭ ቱቦ ደርቦ አጠበቀው።

«ሦስት ሰው ሲሆን ልክ ይመጣል» አለችኝ። «ብቻየን ስሆን ግን ድንጋይ በመታ ቁጥር ጎማው ከመሬት ይነሳል። ከመሬት የተነሳ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም።»

«ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ?»

በበቅሎ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። ኮርቻ ለሚቀመጥበት ሰው ይለካል። በወፍራም ሰው ኮርቻ ላይ ቀጭን ልጅ ብታስቀምጥ ቁልቁለት ላይ በበቅሎዋ ጆሮ በኩል ይወርዳል። ታዲያ ይህን የሚያውቅ አገር ሞተር ሲሆን እንዴት ይጠፋዋል? አልጠፋውም። ምቾቱ ለነሱ ነው፣ መውደቁ ለእሷ ነው። ወድቃ ስትመጣ ደግሞ ሴት ስለሆነች ነው። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሏል ይህ ነው።

ወጌሻው እጇን አስሮላት ስለነበረ መንዳት አትችልም። ድንች የጫነ መኪና ለምነን ሞተሩን ከድንቹ ላይ አጋድመን ወደ ደብረ ማርቆስ ወረድን። እሷን ጋቢና አስገባኋት። እኔ ከላይ ሞተሩን በገመድ አስሬ፣ ድንቹ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢየን ተከናንቤ ሄድኩ። ብርዱ ንዴቴን የሚያበርደው መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ አጠነከረው።

ጋራዡ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጀርባ ነው። መካኒኩ ሱፍ ኮፍያ ያደረገ፣ ቱታው በዘይት የተለበጠ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ልጄን ሲያይ ወዲያው አወቃት።

«ደህና ነሽ የኔ እህት? እጅሽ ምን ነካው?»

«ወደቅሁ።»

«አይዞሽ። ሞተር ለሴት ትንሽ ከበድ ይላል።»

«ስማ፣» አልኩት፣ «ይችን ቃል የሚናገረውን ሰው በዚህ ዱላ ልመታ ምያለሁ። አንተ ስለማታውቅ ነው ዛሬ የማርኩህ።»

ልጄን አየና እኔን አየ። «አባቴ፣ ይቀመጡ እንጅ። ምን ልታዘዝ?»

«የራሷን ሞላ መልስላት።»

«የቱን?»

«ያወጣኸውን!»

«እሱኮ ልል ነው፣ አባቴ። ለገጠር አይሆንም። እዚህ አገር ሞተር ለአንድ ሰው አይበጅም፤ ለሦስት ሰው ነው የሚበጀው። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲለምናት እንቢ ልትል ነው? ነውር አይደለም?»

«አዎ፣ እንቢ ልትል ነው።»

ይህን ሳላስበው ነው የተናገርኩት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የከበደኝ፤ የወጣ ቃል ግን አልመልስም፣ ተፈጥሮየ አይደለም።

መካኒኩ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ኋላ ሄዶ የብረት ክምር ያገላብጥ ጀመር። አንዱን ያነሳል፣ ይጥላል፤ ሌላውን ያነሳል፣ ይጥላል። የሚፈልግ ሰው አይመስልም። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ልጄ በር ላይ ወደ ቆመ አንድ ሞተር ስትሄድ አየኋት። የእሷው ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ብቻ ይለያል። በደህና እጇ መሪውን ይዛ ወደ ታች ተጫነችው። የፊቱ ልስልስ ብሎ ሰመጠ፣ ልስልስ ብሎ ተነሳ። ደግማ ተጫነችው።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«የኔ ነው።»

«ሞላው የማን ነው?»

መካኒኩ በእጁ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። «የኔው ተሰብሮብኝ ነበር» አለ። «ያንች ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። አንች እንደሁ አልጠየቅሽኝም። ምን አለበት ብየ ነው።»

ሳቁ አልጠፋም፤ ግን ቀጠነ።

«አንተ በሞተርህ ስንት ሰው ትጭናለህ?» ብየ ጠየቅሁት።

«እኔማ ከተማ ነኝ፣ አባቴ። ብቻየን ነው የምነዳው።»

ብቻየን ነው የምነዳው! እግዜር ያሳያችሁ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ንስሐ አባቴ ያነቡት ይሆናል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። «ለራስህ ሲሆን ልስልሱን፣ ለልጄ ሲሆን ጉቶውን! ልስልስ ለገጠር አይሆንም አላልክም? ማርቆስ ውስጥ ለአስፋልቱ ነው ልስልስ ያስፈለገህ?» እያልኩ በዱላየ መሬቱን እደበድባለሁ። አንዱ ሾፌር፣ «በላቸው ፋዘር!» አለ። እሱንም ሰደብኩት፤ የማንም ፋዘር አይደለሁም።

«አባቴ፣ አይጩሁብኝ፣ ደንበኛ ያባርሩብኛል» አለ መካኒኩ።

«ደንበኛህ የሚመጣው ሲወድቅ አይደል? አይዞህ፣ ይወድቅልሃል!»

ያን ጊዜ ቁልፉን አነሳ። የሁለቱንም ሞተሮች ሆድ በሳጥን ደግፎ የፊት ጎማቸውን ከመሬት አነሳ። የእግሮቹን ክዳን ሲፈታ ከልጄ ሞተር ውስጥ ያ ወፍራም ሞላ ታፍኖ እንደኖረ ነገር ፊጭ ብሎ ወጣ። ዘይቱ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። አዲስ ዘይት አስቀዳሁት። የራሷን ሞላ ከሱ ሞተር አውጥቶ ወደ እሷ ሞተር መለሰው። ቱቦውን ሊጨምር ሲል ልጄ ከለከለችው።

«መጀመሪያ እንለካ» አለች።

እንዴት እንደሚለካ ሞተር መንዳት ሲያስተምሯቸው ያየችው ነገር ነው። ከጋቢየ ጫፍ ክር መዘዘችና በሚያብረቀርቀው እግር ዙሪያ ከታችኛው ወፍራም ክፍል አፍ ላይ አሰረችው። በበረዶ ሳጥኑ የክትባቱንና የበረዶውን ክብደት የሚያህል፣ ባለመኪናው የሰጠንን ድንች ሞላችና ከኋላ አሰርኩላት። ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም እግሯን አነሳች። መካኒኩ ከፊት ቆሞ እንዳትወድቅ ይዟታል። የፊቱ ሲሰምጥ ክሩን ወደ ላይ ገፋው። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደችና ክሩ ምን ያህል እንደሄደ አየን። ከአንድ መዳፍ በላይ ሄዷል።

«አየሽ፣ ልል ነው» አለ መካኒኩ፣ ደስ ብሎት።

«ትንሽ ቱቦ እንጨምር። አራት ጣት ነው የምፈልገው» አለች።

«በማን ጣት?» አለና የራሱን ጣት ዘረጋ፤ ጣቱ የአካፋ እጀታ ያህላል።

«በሷ ጣት!» አልኩት። «አንተ ነህ የምትነዳው?»

ቱቦ ቆረጠ፣ ጨመረ፣ ዘጋ። ተቀመጠች። ቱቦው በዛ፤ ከመዳፍ በላይ የነበረው የክሩ መንገድ ወደ ሁለት ጣት ወረደ። ተከፈተ፣ ቱቦው አጠረ፣ ደግማ ተቀመጠች። መካኒኩ ማጉረምረም ጀመረ፣ ምሳየ ነው አለ፣ ስልክ አነሳ። እኔ ከበሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። በሩ አንድ ነው። ካልጨረሰ አይወጣም። በኋላ የልጄ አራት ጣት ከክሩ እስከ እግሩ አፍ ድረስ ልክ ገባ። ጣቷን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ። የሳቀች መሰለኝ፤ ሄልሜቱ ጋረዳት።

«እንግዲህ ልንገርሽ» አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ። «በዚህ ላይ ሦስት ሰው ከጫንሽ ይደፋል፣ ይነርታል፣ ዘይቱንም ይተፋል። ያን ጊዜ ወደኔ እንዳትመጭ።»

«አትጭንም» አልኩት።

እጇ ድኖ መንዳት ስትጀምር ችግሩ ሞተሩ ላይ አልነበረም። ሞተሩማ መሬቱን እየላሰ ነው የሚሄደው። ችግሩ ሰው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለቆመ ሁሉ ትቆምና ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሞላው እንዲህ ስለሆነ፣ እንዲህ ስለተለካ እያለች ታስረዳለች። ማን ሊሰማት? «ሞላው ለአንድ ሰው የተበጀ ነው አለች» እያሉ አገር ለአገር አወሩት። ኮራች አሉ። መንግሥት ለሕዝብ የሰጠውን ለብቻዋ አደረገችው አሉ። አንዷ ሴት ሁሉን ሰላም ስትል እኔን ዘለለችኝ። ከዚያ ማኅበር ደረሰ። ጠላው ሊቀዳ ሲል ያ ጎረቤቴ ተነሳ።

«ማኅበርተኞች፣ ስትቀዱ ተጠንቀቁ። የዚህ ሰውየ ዋንጫ ለአንድ ሰው ነው የተበጀው፤ ከጎኑ የተቀመጠ እንዳይነካው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዋንጫየን ልወረውር ነበር፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ እጄን ያዙኝ። «ጽዋ ነው፣ ተው!» አሉኝ። ተውኩ። ግን የዚያን ቀን የጠጣሁት ሬት ነው። የመረረኝ ቀልዱ አይደለም። ልጄ ማታ ቤት ስትመጣ፣ «አባየ፣ አልቻልኩም። አንድ ሰው ብቻ አንዳንድ ጊዜ ብጭንስ?» ማለቷ ነው።

«አንድ ሰው ብቻ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ከጫንሽ ሌላው በምን ይቀራል?»

«ታዲያ እንዴት ዓይናቸውን አያለሁ?»

«መንገድሽን እይ» አልኳት። ተቆጥቼ ነው የተናገርኩት። እሷ ላይ አልነበረም ቁጣው፤ ግን በዚያች ቤት ከእሷ ሌላ ሰሚ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ ባሉት መንደሮች አባ ሰንጋ ገባ። ከብቱ ውሎ አያድርም፤ ጠዋት የጋጠው በሬ ማታ ሆዱ ተነፍቶ ይወድቃል። ልጄ ክትባቱን በበረዶ አድርጋ በጠዋት ተነሳች። በረዶው ሳይሟሟ ማድረስ አለባት። እኔ በቁልቁለቱ አናት ላይ ባለችው ማሳየ ጎርፍ የበላውን የድንጋይ እርከን እጠግናለሁ። የሞተሩን ድምፅ ስሰማ ቀና አልኩ። ጎረቤቴ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ግማሽ ጆንያ ገብስ አለ።

ቆመችለት። ገና አንድ ቃል ሳትናገር ጆንያውን አንስቶ ከፊቷ በቤንዚን ጋኑ ላይ ጣለው።

«እስከ ወንዙ ዳር ወፍጮ ብቻ» አላት።

«ጋሸ፣ አልችልም። በረዶው ይሟሟብኛል። ሞላውም—»

«ሞላ፣ ሞላ! ያባትሽን ቧልት ተይውና ንጅ!» አለና ሳጥኑን ወደ ጎን ገፍቶ ተፈናጠጠ። የፊቱ ወደ ታች ድፍት ሲል ካለሁበት ይታየኛል። ልጄ አንገቷን ደፋች። ማርሽ ስታስገባ ሰማሁ።

የያዝኩትን ድንጋይ ጥዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜየ። ደርሼ ጆንያውን ከጋኑ ላይ ጎትቼ መንገዱ ላይ ጣልኩት።

«ውረድ!» አልኩት።

«አልወርድም። ሞተሩ የመንግሥት ነው።»

«ሞተሩ የመንግሥት ነው፤ ልጅቱ ግን የኔ ናት። ውረድ!»

«አንተ ሰውየ፣ ልጅህን አረመኔ አደረግሃት። እግረኛ ጥሎ የሚያልፍ ክርስቲያን ከየት የመጣ ነው?»

«እግር አለህ አይደል? እሷ እዚህ ቁልቁለት ላይ ብትወድቅ አንተ አቧራህን አራግፈህ ትሄዳለህ። እሷ ግን ሞተሯን ትነጠቃለች። ያን ጊዜ ያንተን ከብት ማን ይከትባል?»

«ሌላ ይመጣላ።»

«እሷ ሳትመደብ ቀዩ በሬህ የሞተ ጊዜ ማን መጣ? ያን ጊዜስ ሌላው የት ነበር?»

ይህን ማንሳቴ ጭካኔ ነው፤ አውቃለሁ። በዚያ በሬ ሰውየው ሰው እንደሞተበት ነው ያለቀሰ። ፊቱ ደም ለበሰ። ሊመታኝ ነው ብየ ዱላየን አጠበቅሁ። ያን ጊዜ ልጄ ሄልሜቷን ወደ ላይ ገለጠች።

«ጋሸ፣ ይውረዱ» አለችው።

ይቅርታ አላለችም። ስለ ሞላውም አላስረዳችም። ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የተናገረችው። እኔን ሲሰድብ የነበረው ሰው ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየና እግሩን አዙሮ ወረደ። እሷም ሳጥኗን ወደ ቦታው መለሰች፣ ገመዱን አጠበቀች፣ ሄደች።

ሁለታችንም ቆመን አየናት። እኔ የማየው ሌላ ነገር አልነበረም፣ የፊት ጎማውን ነው። ድንጋዩ ላይ ሲወጣ እግሩ ይሰምጣል፣ ሲያልፍ ይዘረጋል፤ ጎማው መሬቱን አልለቀቀም። የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ጎማው ተንሸራተተ፣ መልሶ ያዘ። ከዚያ ዞራ ከዓይናችን ጠፋች።

«እንግዲህ ጆንያየን ማን ሊያደርስልኝ ነው?» አለ ጎረቤቴ። «የጣልከው አንተ ነህ።»

ጎንበስ ብየ ጆንያውን ትከሻየ ላይ አወጣሁት።

«ተው አንተ፣ ወገብህን ትሰበራለህ!»

«ዝም ብለህ ውረድ።»

ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ገብሱ አንገቴን ይበላኛል፣ እሱ ከኋላየ ሳያቋርጥ ይሳደባል። ግትር አለኝ፤ ግትር ነኝ። እልኸኛ አለኝ፤ ነኝ። «የናንተ ዘር ሁሉ እንዲህ ነው» ሲለኝ ግን ቆሜ ዞርኩና፣ «ዘሬን እንዳትነካ፤ ገብስህን ገደል ነው የምከተው» አልኩት። እግሬ ድንጋይ ላይ ሲያዳልጠኝ ከኋላ መጥቶ የጆንያውን ጫፍ ያዘ።

«ልቀቅ!»

«ለገብሴ ብየ ነው፣ ላንተ አይደለም።»

እንደያዘው ወረድን። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያውን አወረድኩት፤ ላቤን በጋቢየ ጠረግሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ እየራቀ ነው።

«ተሻግራለች» አለ።

«ጆሮየ አልደነቆረም» አልኩትና ዳገቴን ጀመርኩ።